ሬሰር-ዲ፦ በየቀኑ በሚለዋወጥ ግዙፍ ኮድ ውስጥ የዳታ ሽሚያን ማደን

በ2016 የፌስቡክ የአንድሮይድ መሐንዲሶች ኒውስ ፊድን፣ ማለትም ተጠቃሚው ጣቱን እያንሸራተተ የወዳጆቹን ወሬና ፎቶ የሚያይበትን ገጽ፣ ከአንድ ትሬድ (ትእዛዞች ተራ በተራ ከሚፈጸሙበት የሥራ መስመር) ወደ ብዙ ትሬድ ለማሸጋገር ተነሡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ኮድ ለዓመታት ሲጻፍ የኖረው ሁሉም ነገር በአንድ መስመር፣ አንዱ ትእዛዝ ሲያልቅ ሌላው እየተከተለ እንደሚሠራ በማመን ነበር። እምነቱ በየፋይሉ ውስጥ አለ፤ ግን የትም ቦታ ተጽፎ አይገኝም። አሁን ሊፈርስ ነው። ምን ያህሉ ኮድ በእሱ ላይ እንደቆመ ደግሞ አንድም ሰው አንብቦ ሊደርስበት አይችልም፤ መተግበሪያው ብዙ ሚሊዮን መስመር ነውና። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሽግግር ስለረዳቸው ሬሰር-ዲ ስለተባለ የኮድ መርማሪ ነው።

ለሽግግሩ ያስገደዳቸው የፍጥነት ጥያቄ ነው። አንድሮይድ የስክሪኑን ይዘት የሚቀይር ሥራ በሙሉ ዋናው ትሬድ በሚባለው በአንዱ ላይ ብቻ እንዲከናወን ያዛል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ለአንዱ ምስል የሚደርሰው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የእያንዳንዱን ጽሑፍና ፎቶ ስፋት መለካት፣ ቦታ ቦታውን ማስያዝና መሳል የግድ ነው። ሥራው ካልተጠናቀቀ ገጹ ይንቀረፈፋል፤ በተለይ አቅማቸው አነስተኛ በሆኑ ስልኮች ላይ ችግሩ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ፌስቡክ በ2017 ምንጭ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደረገው ሊቶ የተባለ መሣሪያ ልኬቱንና አቀማመጡን በሌላ ትሬድ ላይ አስቀድሞ ሠርቶ የሚጠብቅ ነው። መፍትሔው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሌላ ትሬድ ሲገባ ሌላ ዓይነት ስህተት አብሮት ይገባል።

ስህተቱ የዳታ ሽሚያ ነው። ሁለት ትሬዶች አንዱን የሜሞሪ ቦታ ሲነኩ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የሚጽፍበት ከሆነ፣ ማን እንደሚቀድም የሚወስን ነገርም በመካከላቸው ከሌለ ሽሚያ አለ ይባላል። 1,000 ብር ያለበትን ሂሳብ እንውሰድ። አንዱ ትሬድ 200 ብር፣ ሌላው 300 ብር ሊጨምሩ ይመጣሉ። ሁለቱም 1,000ን ያነባሉ። የመጀመሪያው ደምሮ 1,200 ይጽፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀደም ሲል ባነበበው ላይ ደምሮ 1,300 ብሎ በላዩ ይጽፍበታል። ሂሳቡ 1,500 መሆን ሲገባው 200 ብር ጠፋ። ሁለቱን የኮድ ክፍሎች ለየብቻ ያነበበ ሰው አንዳች እንከን አያገኝባቸውም።

ይህን በሙከራ ማግኘት ለምን እንደሚያስቸግር ቁጥር ይናገር። እያንዳንዳቸው 10 እርምጃ ያላቸው ሁለት ትሬዶች እርስ በርስ ሊጠላለፉ የሚችሉባቸው መንገዶች 184,756 ናቸው። እርምጃው 20 ሲደርስ ከ137 ቢሊዮን ይበልጣሉ። 40 ሲደርስ ደግሞ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቅደም ተከተል የሚሞክር ማሽን ሁሉንም ለመጨረስ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሙከራ ከዚህ ባሕር ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ይነካል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሽሚያ የሚከታተሉ መሣሪያዎች አሉ፤ እጅግም ይጠቅማሉ፤ ሆኖም የሚያዩት በዚያ ሰዓት በተሠራው ኮድ ውስጥ ያለፈውን ብቻ ነው።

ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት ሲጠፋባቸው ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ያለ ስህተት ነበር። ኦሃዮ ውስጥ በሚገኘው የፈርስትኢነርጂ ኩባንያ የመቆጣጠሪያ ክፍል ኤክስኤ/21 በተባለው ሥርዓት ላይ ሁለት ሂደቶች አንዱን የዳታ ስፍራ በአንድ ጊዜ ጻፉበት። የማስጠንቀቂያው ፕሮግራም መውጫ በሌለው ዑደት ውስጥ ገባ፤ ተቆጣጣሪዎቹም መስመሮች እየወደቁ ሳለ ምንም የደወል ድምፅ አልሰሙም። አምራቹ በኋላ እንዳስረዳው ሥርዓቱ በየቦታው በድምሩ ከሦስት ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ያ ስህተት አንድም ጊዜ አልታየም ነበር።

እንግዲህ ሌላው መንገድ ኮዱን ሳያስኬዱ፣ ጽሑፉን ብቻ በማንበብ ስለሁሉም አካሄዱ በአንድ ጊዜ ማሰብ ነው። ፌስቡክ ውስጥ ይህን የሚሠራ ቡድን ነበር። ክሪስቲያኖ ካልካኞ፣ ዲኖ ዲስቴፋኖና ፒተር ኦሄርን ሞኖይዲክስ በሚል ስም ለንደን ላይ የመሠረቱትን ድርጅት ፌስቡክ በ2013 ገዛው፤ ከዚያም ኢንፈር የተባለው መርማሪ በ2015 ምንጭ ኮዱ ተከፍቶ ለማንም በነጻ ቀረበ። ኦሄርን ከጆን ሬይኖልድስ ጋር ፕሮግራሞች ሜሞሪን እንዴት እንደሚጠቀሙ በሚያስረዳ ሎጂክ ምርምር፣ ከዚያም ጎን ለጎን ስለሚሮጡ ፕሮግራሞች በጻፈው ሥራ የታወቀ ሰው ነው። ከስቲቨን ብሩክስ ጋር በኮምፒውተር ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ የሚሰጠውን የጎደል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ በ2016 ነው። የዚያ ሎጂክ ዋና ሐሳብ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ የሆነ የሜሞሪ ድርሻ እንዳለው፣ የጋራ የሆነውን ግን በመቆለፊያ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ ሊይዘው በሚችል የኮድ መሣሪያ) በኩል ብቻ እንደሚረከብና እንደሚያስረክብ አድርጎ ማሰብ ነው።

ኦሄርን መጀመሪያ የያዘው ዕቅድ ከዚህ ሎጂክ የሚጠበቀው ነበር፦ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ምንም ሽሚያ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ መሣሪያ መሥራት። የኒውስ ፊድ መሐንዲሶች ይህን ሥራ ሲሰሙ መጥተው ጠየቁ። የፈለጉት ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ሽግግሩ ተጀምሯል፤ ኮዱ በየሰዓቱ ይለወጣል፤ የሚጠቅማቸው ዛሬ በጻፉት ለውጥ ውስጥ እውነተኛ የሆነ ሽሚያ የሚጠቁማቸው ነገር ነው። የጠየቁት ተዘርዝሮ ሲታይ እንዲህ ነበር፦ መሐንዲሱ ሊያርመው የሚገባ እውነተኛ ጥቆማ ይምጣ፤ አንዱ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ክፍል) ሌላውን፣ ያም ሌላውን እየጠራ ጠልቆ የሚሄደውን ሰንሰለት ይከተል፤ የትኛው መቆለፊያ የትኛውን ዳታ እንደሚጠብቅ በእጅ እየጻፉ ማስረዳት አያስፈልግ፤ በሚሊዮን መስመሮች ላይ የተደረገ ለውጥ በ15 ደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጥ። በተጨማሪም እጅግ የረቀቀ የማመሳሰል ስልት ለሚጠቀም ኮድ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የመተግበሪያ ኮድ በአብዛኛው ሰፊ ቦታ በአንድ መቆለፊያ የሚሸፍን ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ተለወጠ። ለእኔ ከመላው ታሪኩ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ውሳኔ ነው። «ሽሚያ የለም» ብሎ ማረጋገጥ እና «እዚህ ጋ ሽሚያ አለ» ብሎ መጠቆም የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ ይመስላሉ፤ መሣሪያውን ለሚሠራ ሰው ግን ተቃራኒ አቅጣጫዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ ይጮኻል፤ አለዚያ ማረጋገጫው ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለተኛው ሲጠራጠር ዝም ይላል። ኦሄርን፣ ሳም ብላክሺር፣ ኒኮስ ጎሮጊያኒስና ኢልያ ሰርጌይ የመጀመሪያውን ትተው ሁለተኛውን ያዙ፤ የተወለደውም መርማሪ ሬሰር-ዲ ተባለ።

አሠራሩን በምሳሌ ልግለጽ። የፎቶ ማከማቻ የሚባል ክላስ፣ ማለትም ዳታንና በእሱ ላይ የሚሠሩ ፈንክሽኖችን በአንድ የሚያቅፍ የኮድ ክፍል፣ አለ እንበል። በውስጡ «ብዛት» የሚል ፊልድ (ዳታ የሚያዝበት ቦታ) አለ። «መዝግብ» የሚለው ውስጣዊ ፈንክሽን በብዛት ላይ አንድ ይጨምራል። «አስገባ» የሚለው ለውጭ ክፍት የሆነ ፈንክሽን መቆለፊያውን ይይዝና መዝግብን ይጠራል። «ቁጠር» የሚለው ሌላ ክፍት ፈንክሽን ደግሞ ብዛትን አንብቦ ይመልሳል፤ መቆለፊያ አይዝም።

ሬሰር-ዲ ሙሉውን ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አይመለከትም። ከታች ይጀምርና ለእያንዳንዱ ፈንክሽን አጭር ማጠቃለያ ይጽፋል። ማጠቃለያው ይህ ፈንክሽን የትኛውን ዱካ (እንደ «ብዛት» ያለ ወደ ዳታው የሚያደርስ ስም) እንደሚነካ፣ ማንበብ ይሁን መጻፍ፣ በዚያን ጊዜ መቆለፊያ ተይዞ እንደሆነ፣ በዋናው ትሬድ ላይ ብቻ የሚሠራ እንደሆነ፣ የሚነካውም ነገር ገና ለሌላ ያልተሰጠ የግል ነገር እንደሆነ ይመዘግባል። ለመዝግብ የሚጻፈው «ብዛትን ይጽፋል፤ መቆለፊያ የለም» የሚል ነው። ወደ አስገባ ሲመጣ የመዝግብን ኮድ እንደገና አያነብም፤ ማጠቃለያውን ብቻ ይወስድና ጥሪው የተደረገው መቆለፊያ ተይዞ ስለሆነ «ብዛትን ይጽፋል፤ መቆለፊያ አለ» ብሎ ያሳድገዋል። ለቁጠር ደግሞ «ብዛትን ያነባል፤ መቆለፊያ የለም» ይላል።

በመጨረሻ የክላሱን ክፍት ፈንክሽኖች ማጠቃለያዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስተያያል። አስገባና ቁጠር አንድ ዱካ ይነካሉ፤ አንዱ ይጽፋል፤ መቆለፊያ የያዘው አንደኛው ብቻ ነው፤ ሁለቱም በዋናው ትሬድ ላይ የታሰሩ አይደሉም። ጥቆማ ይወጣል። ከጥቆማው ጋር ከሁለቱም ወገን ወደ ብዛት የሚያደርሰው የጥሪ ሰንሰለት አብሮ ይቀርባል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሽሚያ ስህተት ሲነገረን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሌላኛው ትሬድ ከየት መጣ?» የሚል ነውና።

የባለቤትነት ጉዳይ፣ ማለትም የሚነካው ነገር የግል መሆን አለመሆኑ፣ ጠለቅ ያለ ነው። አንድ ፈንክሽን አዲስ ኦብጀክት (በክላሱ ንድፍ መሠረት ሜሞሪ ውስጥ የሚፈጠር ነገር) ፈጥሮ ፊልዶቹን ሲሞላ መቆለፊያ አይዝም፤ መያዝም የለበትም፤ ያንን ኦብጀክት ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለምና። ይህን የማይረዳ መርማሪ በእያንዳንዱ አዲስ ኦብጀክት ላይ እየጮኸ ተጠቃሚውን ያሰለቻል። ሬሰር-ዲ ባለቤትነቱን በሁኔታ አስሮ ይይዘዋል፤ «ይህ መጻፍ አደገኛ የሚሆነው ጠሪው ያቀበለው ኦብጀክት የግሉ ካልሆነ ነው» ብሎ በማጠቃለያው ውስጥ ያሰፍራል፤ ውሳኔውን ለጠሪው ይተዋል። የኦሄርን ሎጂክ ስለ ሜሞሪ ድርሻ ያለው ሐሳብ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው።

መርማሪው የት ይፈልግ የሚለውም መልስ አግኝቷል። መሐንዲሱ አንድን ክላስ ለብዙ ትሬዶች የተዘጋጀ ነው ብሎ ምልክት ሲያደርግበት፣ ወይም በኮዱ ውስጥ መቆለፊያ ሲጠቀም፣ ይህ ቦታ ብዙ ትሬዶች የሚደርሱበት መሆኑን ራሱ ተናገረ ማለት ነው። ሬሰር-ዲ ያንን ቃል ተቀብሎ ይመረምራል።

አሁን የተተወውን ነገር ማየት ይገባል። መርማሪው መቆለፊያ መያዙን እንጂ የትኛው መቆለፊያ እንደተያዘ አይለይም። አንዱ ፈንክሽን በአንድ መቆለፊያ፣ ሌላው በሌላ መቆለፊያ ቢጽፍ ሽሚያው በእርግጥ አለ፤ ሬሰር-ዲ ግን ያልፈዋል። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ዱካዎች ወደ አንድ ኦብጀክት የሚያመለክቱ ከሆነም አይከታተልም፤ ዱካዎችን የሚያስተያየው በስማቸው ነው። ብዙ ተመራማሪ እነዚህን ቀዳዳዎች ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ለአሥርት ዓመታት የተለፋው እነሱን ለመድፈን ነበርና። ነገር ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ የተገዛበት ዋጋ አለ። ሁለት ዱካዎች አንድ ኦብጀክት ያመለክታሉ ወይ ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ መላውን ፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል፤ መላውን ፕሮግራም ማየት ካስፈለገ 15 ደቂቃው ቀረ። በግምት ከተሞላ ደግሞ ሐሰተኛው ጥቆማ ይበዛል። በተግባር ደግሞ የመተግበሪያ ኮድ በአንድ ክላስ ውስጥ በአብዛኛው አንድ መቆለፊያ ብቻ ስለሚጠቀም የጠፋው ከሚፈራው ያነሰ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የሬሰር-ዲን ዝምታ እንደ ምስክር ወረቀት የሚይዝ ሰው መሣሪያውን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶታል።

ፍጥነቱ ለምን እንዲህ እንዳሳሰባቸው ለመረዳት ወደ 2014 መመለስ ያስፈልጋል። የኢንፈር ቡድን መጀመሪያ የሠራው ሌሊት ላይ ኮዱን በሙሉ መርምሮ የስህተቶችን ዝርዝር ለመሐንዲሶች ማቅረብ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ እውነተኛ ስህተቶች ነበሩ፤ የታረመው ግን ዜሮ ያህል ነው። ከዚያ ያው መርማሪ፣ ያው ጥራት ሳይለወጥ፣ መሐንዲሱ አዲስ ለውጥ ለባልደረቦቹ ግምገማ በሚያቀርብበት ሰዓት እንደ አንድ ገምጋሚ በኮዱ ጎን አስተያየት እንዲጽፍ ተደረገ። የታረሙት ጥቆማዎች ከ70 በመቶ በላይ ሆኑ። ምክንያቱን ለመረዳት ከባድ አይደለም። ከወር በፊት የጻፈውን ኮድ እንደገና አስታውሶ ማረም ለሰው ሁሉ ድካም ነው፤ ሥራው የማን እንደሆነ መወሰንም ሌላ ጣጣ ነው። ገና በእጁ ላይ ያለውን ማረም ግን የዚያው ሥራ አካል ነው። በዩኒቨርሲቲ ስለ ኮድ ምርመራ ስንማር ስለዚህ ነገር ምንም አይነገረንም፤ ቢነገረን ኖሮ ብዙ ጥሩ መሣሪያ ከመደርደሪያ ላይ ይወርድ ነበር።

ሬሰር-ዲም በዚሁ መንገድ ገባ። ማጠቃለያ እየጻፉ የመሥራት ስልቱ እዚህ ላይ ፍሬ ሰጠ፦ አንድ ፋይል ሲለወጥ የሚመረመረው የተለወጠውና ከእሱ ጋር የተያያዘው ብቻ ነው፤ የተቀረው ማጠቃለያ እንዳለ ይወሰዳል። በኒውስ ፊድ ሽግግር ግን መሣሪያው ሁለት ሥራ ነበረው። ነባሩን ኮድ ሲያሸጋግሩ መሐንዲሶቹ ክላሶችን ምልክት እያደረጉ የሽሚያዎቹን ዝርዝር አወጡ፤ በዝርዝሩ መሠረትም ሥራቸውን አቀዱ። ሌሊት የሚላክ ዝርዝር ያልሠራበት ቦታ ላይ ይህኛው ለምን ሠራ ቢባል፣ ዝርዝሩን የጠየቁት ራሳቸው ስለሆኑ ነው። ከተሸጋገረ በኋላ ደግሞ አዲስ የሚጻፈው ኮድ ያጸዱትን እንዳያበላሽ በየለውጡ ላይ ዘብ ቆመ።

መርማሪው በኦክቶበር 2017 ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ወደ ተጠቃሚ ሳይደርሱ የታረሙት የሽሚያ ጥቆማዎች ከ1,000 በልጠው ነበር። በ2018 የጥናት ጽሑፉ ሲታተም ከ2,500 በላይ ሆነዋል። ኒውስ ፊድም ወደ ብዙ ትሬድ ተሸጋገረ። እነዚህ ቁጥሮች መሐንዲሶች ያረሟቸውን ይቆጥራሉ። ከመካከላቸው ስንቱ በተጠቃሚ ስልክ ላይ በእርግጥ ጉዳት ያደርስ እንደነበር ቁጥሩ አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም፤ የሽሚያ ባሕርይ ራሱ ይከለክላል። ስለዚህ እኔ የምመዝነው በሌላ ነው፦ ሥራ የሚበዛበት መሐንዲስ ጥቆማውን አንብቦ ጊዜውን ሊሰጠው ወስኗል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ንድፈ ሐሳብን ለሚወዱ ሰዎች ደስ የሚል ነው። መርማሪው ማረጋገጫ መስጠቱን ሲተው «ሳይንሱም አብሮ ተተወ» የሚል ቅሬታ ነበር፤ ምክንያቱም ዝምታው ምንም ዋስትና ከሌለው፣ ጥቆማውም ዋስትና ከሌለው የሚቀረው ልምድና ግምት ነው። ጎሮጊያኒስ፣ ኦሄርንና ሰርጌይ በ2019 ባቀረቡት ሥራ ጥያቄውን ገለበጡት። ሬሰር-ዲኤክስ የተባለ በመጠኑ የተስተካከለ ዓይነት ወስደው፣ በተወሰኑ ግምቶች ሥር፣ ይህ መርማሪ የሚጠቁመው ሽሚያ ሁሉ እውነተኛ መሆኑን በሒሳብ አረጋገጡ። ከግምቶቹ አንዱ የኮዱ መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ሁለቱም መንገዶች ሊኬድባቸው ይችላል የሚለው ነው። በተግባር ኮድ ላይ ሲሞከርም ከሬሰር-ዲ ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት በመስኩ የሚጠየቀው ዋስትና «አንድም አያመልጠኝም» የሚል ነበር፤ እዚህ «የምናገረው እውነት ነው» የሚል ሌላ ዋስትና ተተከለ። ኦሄርን በቀጣዩ ዓመት ስለ ስህተት መኖር የሚያስረዳ ሎጂክ ይዞ ሲመጣ ይህ ሥራ ከመነሻዎቹ አንዱ ነበር።

ሽሚያን በመቆለፊያ ማረም የራሱ መዘዝ አለው። አንዱ ትሬድ ሀ የተባለውን መቆለፊያ ይዞ ለ የተባለውን ሲጠብቅ፣ ሌላው ለን ይዞ ሀን ሲጠብቅ ሁለቱም እንደተፋጠጡ ይቀራሉ። እዚህ ላይ የሬሰር-ዲ አቋራጭ አይሠራም፤ የትኛው መቆለፊያ እንደተያዘ ሳያውቁ መፋጠጥን ማወቅ አይቻልም። ጎሮጊያኒስ ከጄምስ ብራዘርስተን፣ ከፖል ብሩኔና ከማክስ ካኖቪች ጋር በ2021 ያቀረበው መርማሪ በዚያው በኢንፈር ላይ የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ትሬድ አዲስ መቆለፊያ ሲይዝ በእጁ የነበሩት የትኞቹ እንደሆኑ በጥንድ እየመዘገበ ይሄዳል። ለቀለለ የፕሮግራም ሞዴልም መፋጠጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ከነዚህ ጥንዶች በመነሣት ሙሉ በሙሉ ሊወሰን እንደሚችል አረጋግጠዋል። በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ የጃቫ መስመሮች ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ሲሠራ የታረሙት ጥቆማዎች ከ200 በልጠዋል፤ ከቀረቡት ጥቆማዎችም 54 በመቶ ያህሉ ታርመዋል። የውጤት ማድረሻ ግቡ ያኔም ከ15 ደቂቃ በታች ነበር።